ከሸሕዲ ቆላ እስከ ጣና ደሴት

እኛ የቆላ ሰዎች ስለ ጣና ሐይቅ የምናውቀው በአብዛኛው በወሬ ነው። ውኃ በእኛ ዘንድ በክረምት እየጮኸ መጥቶ የሚያልፍ፥ በበጋ ደግሞ ከወንዝ አሸዋ ውስጥ ተቆፍሮ የሚቀዳ ነገር ነው እንጂ፥ ዐይን እስኪደክም ድረስ ተንጣሎ የሚተኛ ነገር አይደለም። ሸሕዲ፥ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ፥ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለውም ሰው ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ እያመረተ ይኖራል። እንግዲህ በ2010 ዓ.ም. በወርኃ ጥር፥ የሰሊጡ ምርት ከተሸጠ በኋላ፥ ቤተ ሰቤን ይዤ የጣናን ደሴቶች ለማየት በተነሣሁ ጊዜ ጎረቤቶቼ «በውኃ መካከል ምን ልትለቅሙ ነው?» ብለው መሳቃቸው አያስደንቅም። ይህች ጽሑፍ ለጥያቄያቸው መልስ ትሁን።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ በቤታችን የነበረውን ክርክር መናገር ያስፈልጋል። በእርሻችን ጫፍ ላይ አንዲት ዝቅተኛ ኮረብታ አለች፤ በላይዋም አባቴ በሕይወቱ ሳለ ሳያስቆርጥ ያቆያቸው የዕጣን ዛፎች ቆመዋል። የበኵር ልጄ ትምህርቱን ጨርሶ ከእኔ ጋር ማረስ ከጀመረ ወዲህ «ዛፉ ተመንጥሮ ኮረብታው ሰሊጥ ቢዘራበት ይሻላል» ይል ነበር። ሐሳቡ የክፋት ሐሳብ አልነበረም፤ ጎጆ ለመውጣት የሚያስብና መሬት የሚሻ ወጣት ነው። እኔ በበኩሌ ዛፎቹ እንዳይነኩ ብፈልግም፥ «አባቴ ያቆየው ነው» ከማለት በቀር የማቀርብለት ምክንያት አልነበረኝም። በዚህ መካከል ባለቤቴ፥ «ባሕር ዳር ያለችውን እኅቴን ካየኋት ዓመታት ሆኑ፤ ኮረብታውም የትም አይሄድም፤ ሄደን እንምጣ» አለች፤ ምክሯም ተደማጭ ሆነ።

ከሸሕዲ የሚነሣው መንገድ በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ሙቀቱ በየዳገቱ እየቀነሰ፥ ቅጠል ያረገፈው የቆላ ዛፍም በጤፍና በገብስ ማሳ እየተተካ ሲሄድ፥ የ12 ዓመቷ ልጄ በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ አንዱን ሳትጠይቅ ሌላውን አታልፍም ነበር። ስለ ወንዞቻችን የነገርኋት በዚህ ጊዜ ነው። በመተማ በኩል የሚያልፈው ጓንግ የሚመነጨው ከጣና በስተ ሰሜን፥ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ካለው ደጋ ሲሆን፥ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ዐባይ ደግሞ ከጣና በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ፥ ጎጃምን ዞሮ፥ ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ጋር ይገናኛል። ከዚያም ወደ ሰሜን ሲወርድ አትባራ በምትባለው ከተማ አጠገብ የእኛ ጓንግ ይቀላቀለዋል። በአንድ አገር ተወልደው በጎረቤትነት የማይተዋወቁ ሁለት ውኆች በባዕድ ምድር ይተዋወቃሉ ማለት ነው። ልጅቱም ይህን ሰምታ፥ «እንግዲያው ጣና ዘመዳችን ነው» አለች።

ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። በመንገዶቿ ግራና ቀኝ የተተከሉት ዘንባባዎች፥ በሐይቁ ዳር ጥላቸውን የጣሉት ታላላቅ ዋርካዎች፥ ከውኃው የሚመጣውም ለስላሳ ነፋስ ከተማይቱን የሙቀትና የልምላሜ አገር አድርገዋታል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ርዝመቱ 84፥ ወርዱም 66 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ይህን ያህል ሰፊ የሆነው ውኃ ጥልቀቱ ትንሽ መሆኑን የሰማ ሰው፥ ደለልና አረም ለምን እንደሚያሠጉት ወዲያው ይገባዋል።

በማግሥቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጢስ ዐባይን አየን። በፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በምዕራብ በኩል ወደ በለስ ወንዝ መውሰድ ጀመረ። ስለዚህ በበጋ የሚሄድ ጎብኚ በክረምት የሚነገረውን ያህል ጢስ ላያገኝ ይችላል። ልጄ፥ ወጣቱ፥ ቋጥኙን እያየ፥ «መብራት ያስፈልጋል፤ ፏፏቴውም ያምራል፤ ሁለቱ በአንድነት ሙሉ ሊሆኑ አይችሉም ማለት ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ጥያቄው ግን ኮረብታችንን የሚነካ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል።

በሦስተኛው ቀን በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ዘጌ በሦስት ወገን በውኃ የተከበበች ባሕረ ገብ ምድር እንጂ ፍጹም ደሴት አይደለችም፤ አኗኗሯ ግን የደሴት ነው። ከወደቧ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ያልፋል፤ በዛፎቹም ጥላ ቡናው ይበቅላል። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው፥ አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት አባት ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ ከዛፍ ፍሬ እንዲኖር ሥርዐት ሰጥተውታል፤ ከበትራቸውም ቡና፥ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል። ይህ ሥርዐት እስከ ዛሬ ስላልተረሳ፥ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ምድር ታርሶ በተራቆተበት ዘመን ዘጌ ደኗን እንደ ለበሰች ናት።

አንድ ሽማግሌ በደጃቸው ቡና ሲያደርቁ አገኘናቸውና ሰላምታ ሰጠናቸው። ልጄ ከትሕትና ጋር፥ «አባቴ፥ ይህን የመሰለ መሬት ሳይታረስ መኖሩ አይቈጭዎትም?» አላቸው። እርሳቸውም ቡናውን ማገላበጣቸውን ሳያቋርጡ፥ «ልጄ፥ እኛ አናርስም እንጂ ሥራ አልፈታንም። ዛፉ ከሄደ ቡናው ይሄዳል፤ ቡናው ከሄደ እኔ ወዴት እሄዳለሁ? በሦስት ወገን ውኃ ነው፤ በአራተኛውም የሰው እርሻ ነው» ብለው መለሱለት። ልጄም ዝም አለ።

ከዘጌ ወደ ደቅ አመራን። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት፤ ገበሬዎች ጤፍና ዳጉሳ ይዘሩባታል፥ በሐይቁም ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳል። ከሁሉ ይልቅ ልጆቼን ያስደነቃቸው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። በዚህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገሉ ታጭዶ፥ ደርቆና ታስሮ ታንኳ ይሆናል፤ ውኃ እየጠጣ ሲከብድም ሌላ ይሠራል። ስለዚህ ደንገሉ የሚበቅልበት የሐይቁ ዳር ታርሶ ካለቀ ታንኳውም ያልቃል፤ ዓሣው የሚራባበትም ጥላ አብሮ ይጠፋል።

በደቅ ምዕራባዊ ጠርዝ ባለችው በናርጋ ትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ ያልጠበቅነውን ዘመድ አገኘን። ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እኒህ እቴጌ የዐፄ በካፋ ባለቤትና የዳግማዊ ኢያሱ እናት ሲሆኑ ትውልዳቸው ከቋራ ነው፤ ቋራም የእኛው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ጎረቤታችን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕሎች መካከል እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ይታያሉ። ባለቤቴ ከሥዕሉ ፊት ብዙ ጊዜ ቆመች። ከናርጋ ባሻገር ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ገዳም፥ እንደ ክብራን ገብርኤል ሁሉ ሴት የማይገባበት ስለ ሆነ እርሷ ያየችው ከሩቅ ነበር፤ በናርጋ ግን ከቆላ የመጣች ሴት ያሠራችውን ቤት ከቆላ የመጣች ሴት ገብታ አየችው።

ዕጣን ሲታጠን ልጅቱ እጄን ይዛ፥ «አባባ፥ ይህ የኮረብታችን ሽታ ነው» አለችኝ። ከአገልጋዮቹ አንዱን ብጠይቅ ዕጣኑ ከባሕር ዳር ገበያ የተገዛ፥ ከወደ መተማ የሚመጣ መሆኑን ነገሩኝ። የበኵር ልጄም ከአጠገቤ ቆሞ ይህን ሰማ።

አንባቢ ሆይ፥ የደሴት ኑሮ ጭንቀት የሌለበት ነው ብዬ አላታልልህም። ሰው ሌሊት ቢታመም ወይም ሴት ምጥ ቢይዛት ጀልባ መጠበቅ ግድ ነው፤ ማዕበል ቢነሣም ጀልባው አይወጣም። ሰው እየበዛ ማሳው እየጠበበ ሄዷል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም ይልቁንም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ሐይቁን ወርሮ ዓሣ አጥማጁንና ከብት አርቢውን አስጨንቋል፤ ብዙ ሕዝብም በውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ጋር መመዝገቡ ክብር ነው፤ አረሙን ግን መዝገብ አይነቅለውም።

ይሁን እንጂ ደሴተኛው ከእኛ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዳርቻውን ማየቱ ነው። ማለዳ ሲነሣ ምድሩ የት እንደሚያልቅ በዐይኑ ያያል፤ ስለዚህ ስንት ዛፍ እንዳለው ያውቃል። እኛ ግን ሜዳችን ሰፊ ስለ ሆነ ዳርቻ የሌለው ይመስለናል፤ አንዱ ኮረብታ ሲመነጠር ከማዶ ሌላ አለ እንላለን። በማዶ ያለውም ሰው ወደ እኛ እያየ እንዲሁ ይላል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፥ ይህ የእኛ ዐይነት የዕጣን ዛፍ ከተመረመረባቸው ስፍራዎች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፎች አልተገኙም፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ ይቀንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፥ የበጋ እሳት ያቃጥለዋል፤ ትልቁም ዛፍ ያለ ዕረፍት በየዓመቱ እየቈሰለ ይደክማል። ያለን ሀብት ግን ገና አላለቀም። በ1998 ዓ.ም. በቋራ በኩል የተከለለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በውስጡ አንበሶች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። ተፈጥሮን ለማየት ሩቅ የሚሄድ የቆላ ሰው ይህንም ማወቅ ይገባዋል።

ወደ ሸሕዲ በተመለስን በሳምንቱ ልጄ ወደ እኔ መጥቶ፥ «ኮረብታው ይቅር፤ ነገር ግን እኔ ምን ላርስ?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር፤ ዛፍ ጠብቅ የሚል አባት ለልጁ እንጀራ ማሰብ አለበትና። ስለዚህ ከማሽላ ማሳዬ ግማሹን ቈርሼ ሰጠሁት፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጎተራዬ እንደ ድሮው አልሞላም፤ እርሱ ግን አግብቶ ጎጆውን ወጣ። የኮረብታውን ግማሽ በእሾህ አጥረን ፍየል ከለከልን፤ ዛፎቹንም በፈረቃ እናሳርፋቸው ጀመር። በአጥሩ ውስጥ ጥቂት ቡቃያዎች ታይተዋል። የዕጣን ቡቃያ በበጋ ከላይ ደርቆ በክረምት ከሥሩ እንደገና ያቈጠቍጣል፤ እንዲህ እያለም ብዙ ዓመት ይቈያል። ከእነዚህ ዕጣን የሚለቅመው እኔ ሳልሆን የልጅ ልጄ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደ ቀድሞው ለቤተ ሰብ ጉዞ የተመቸ አልሆነም። ስለዚህ ጣናን ሄዳችሁ እዩ ብዬ ሁሉን አልመክርም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ በገዛ እርሻው ዙሪያ አንድ ቀን ቢዞር፥ ምን ዛፍ እንደ ቀረውና ዳርቻው የት እንደ ሆነ ቢያሳያቸው፥ የደሴቱን ትምህርት ያለ ጀልባ ያገኘዋል። እግዚአብሔር ሰላሙን ያውርድልን።