ሸክላና ስም

ሸክላ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው ጀበና፣ እንስራና ምጣድ ነው። እኔ ሰሞኑን የማነበው ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሸክላ ነው። የባንክ ሠራተኛን ከዚህ ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ያገናኙን የጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው።

የሸክላ ምሥጢሩ እሳቱ ላይ ነው። ተፈጭቶ የተጨመቀ ዱቄት ሳይቀልጥ ሲግል፣ ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ አተሞች እየተጓዙ ያያይዟቸዋል። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ይጠባል፤ ዕቃውም እየጠነከረ ይኮማተራል። ዚርኮንያ የሚባለው የሸክላ ዓይነት የሚቀልጠው 2700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ 1400 ገደማ ላይ ግን ሳይቀልጥ ይያያዛል። ጥቂት ኢትሪያ ሲጨመርበት ሙል የተሸከሙ የኦክስጅን አዮኖችን ያሳልፋል፤ ጋዙን ግን አያሳልፍም። ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት በ1897 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ዓይነት ሸክላ መብራት ሠርቶ ነበር። ሸክላው ቀዝቃዛ ሳለ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ መብራቱ እንዲበራ አስቀድሞ መሞቅ ነበረበት።

ጭንቁ የሚበረታው የተለያዩ ነገሮችን አዋሕዶ ስስ ገበታ ለመሥራት ሲታሰብ ነው። ለባትሪ የሚታጨው ሊትየም ያለበት ሸክላ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲቃጠል ሊትየሙ ይተንበታል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች በራሱ ዱቄት ቀብረው ያቃጥሉታል። ፕላስቲክ ቢቀላቀልበትማ በዚያ ሙቀት ይነዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው ዘዴ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ አርሶ፣ በከባድ ግፊት ተጭኖ፣ ከ300 ዲግሪ በታች ያያይዘዋል። ያን ጊዜ ሸክላና ፕላስቲክ በአንድ ገላ ይኖራሉ።

የእኛ ሸክላ በማገዶና በኩበት ሲቃጠል ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ዲግሪ አይሞላም። ቀዳዳው ሁሉ ስለማይደፈን እንስራ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። በቤተ ሙከራ ጉድለት የሚባለው ቀዳዳ በሚኤሶ ሐሩር በረከት ነው!

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት እናት የቁጠባ ደብተር ሊያወጡ መጡ። ቅጹን ስሞላላቸው ሥራቸውን ጠየቅኋቸው።

«ንግድ በለው ልጄ» አሉኝ በኦሮምኛ። በጥፍራቸው ሥር ጭቃ ነበር።

«እናቴ፣ ሸክላ ሠሪ ብዬ ብጽፈው ምን ይላል?»

«ለአንተ ምንም አይልም። እኔ ግን የምትዳር ልጅ አለችኝ።»

ንግድ ብዬ ጻፍኩ። ስማቸውም ሥራቸውም የእርሳቸው ነው፤ የሚከፈልበትንም ዋጋ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

አጤ ምኒልክ ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም አንዲት እናት ሙያዋን ከባንክ ቅጽ ላይ ትደብቃለች። ባሕር ማዶ ዱቄትን በእሳት ማያያዝ ዶክተር ያሰኛል፤ በእኛ ዘንድ ያንኑ እሳት የሚያውቅ እጅ ልጁን ለመዳር ይሸሸጋል። ቡናችንን ግን በማን ጀበና ነው የምናፈላው?

ጭቃው እሳት ገብቶ፣ ጀበና ሆነልን፤
በሱ ያፈላነው፣ ቡና ጣፈጠልን፤
የሠራችው ግና፣ ስሟን ደበቀችን፤
ከእሳቱም ይብሳል፣ ይህ አንደበታችን።