ሳይቀምሱ የሚገዙት ፎርማጆ

ገበያ ወጥቶ አይብ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ቆንጠር አድርጎ ይቀምሳል። ከኮመጠጠው ጥሎ ይሄዳል፤ ከጣመው ዋጋ ይከራከራል። ጠንካራውን የጣሊያን አይብ፣ አዲስ አበባ ከጣሊያንኛው ወስዳ ፎርማጆ የምትለውን፣ በኢንተርኔት የሚያዝ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። አይቀምስም፣ አያሸትም፣ አይነካም። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ፣ ዋጋና ስም ብቻ ነው። ፎቶ ማንም ያነሳል፣ ዋጋም ማንም ይጽፋል። ስለዚህ ገንዘቡን የሚልከው ስሙን አምኖ ነው። ጣጣው፣ ስሙ በየአገሩ እኩል አለመጠበቁ ነው።

ፓርሚጃኖ ሬጃኖን እንደ ምሳሌ ማየት ይበቃል። የሚሠራው በሰሜን ጣሊያን፣ በፓርማ፣ በሬጆ ኤሚሊያና በሞዴና፣ እንዲሁም በማንቶቫና በቦሎኛ ከፊል አካባቢዎች ብቻ ነው። አንዱ ድፍን ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ለእርሱ 550 ሊትር ያህል ያልፈላ ወተት ይገባበታል። ከዚያ ቢያንስ 12 ወር መደርደሪያ ላይ ይከርማል። ዓመት ሲሞላው መርማሪ ትንሽ መዶሻ ይዞ ይመጣና፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው እያንዳንዱን እያንኳኳ ያዳምጣል። ውስጡ የተሰነጠቀው በድምፁ ይታወቃል። ፈተናውን ያለፈው በጋለ ብረት ይታተማል፤ የወደቀው ደግሞ ቅርፊቱ ላይ በነጥብ የተጻፈው ስም ተፍቆ ይጠፋል። እዚያ አገር ስም ቀልድ አይደለም። ክሬዲቶ ኤሚሊያኖ የተባለው የአካባቢው ባንክ ይህን አይብ፣ ሌላው ባንክ ቤትና መሬት እንደሚይዘው፣ በመያዣነት ተቀብሎ ያበድራል። አይቡም በባንኩ መጋዘን እየከረመ ዋጋው ይጨምራል። (እየቆየ ዋጋው የሚጨምር መያዣ የትኛው ባንክ ይጠላል?)

ነገሩ የሚወሳሰበው አትላንቲክን ሲሻገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ኮሚሽኑ ጀርመንን በከሰሰበት ጉዳይ፣ «ፓርሜዛን» የሚለው ስም ፓርሚጃኖ ሬጃኖን ስለሚያስታውስ የሕግ ጥበቃው እርሱንም ይነካል ብሏል። ኮሚሽኑ በክሱ ተረታ፤ ስሙ ግን ረታ። አሜሪካ ውስጥ «ፓርሜዛን» የማንም ስም ነው። ዊስኮንሲን የተሠራውም በሕግ ፓርሜዛን ነው። «ሮማኖ»ም እንዲሁ፤ ጣሊያን ውስጥ ፔኮሪኖ ሮማኖ የበግ ወተት አይብ ሲሆን፣ አሜሪካ ላይ ሮማኖ ከላም ወተትም ይሠራል። የአሜሪካ አምራቾች ስሙን ስደተኞች ይዘውት መጥተው እዚህ አድጓል ይላሉ። ክርክራቸው ውሃ የማያነሳ አይደለም፤ ከእነርሱም መካከል ጥሩ አይብ የሚሠሩ አሉ። ግን ይህ ክርክር የሚያስኬደው ደንበኛው ባንኮኒው ጋ ቆሞ መቅመስ ሲችል ነው። ከስም በቀር ምንም በእጁ ለሌለው ሰው፣ አንድ ስም ለሁለት ነገር መስጠት መንገድ ማሳት ነው።

የባሰም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በፔንስልቬንያ የተፈቀፈቀ አይብ «መቶ በመቶ ፓርሜዛን» እያለ ይሸጥ የነበረ ፋብሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል። ዕቃው ውስጥ የነበረው የሌሎች ርካሽ አይቦች ድብልቅና ከእንጨት የሚገኝ ሴሉሎስ ነበር። ጥቂት ሴሉሎስ አይቡ እንዳይጓጉል ይፈቀዳል፤ የተከሰሱት በስሙ ነው።

እንግዲህ ቨርጂኒያም ሆነ ስቶክሆልም ተቀምጦ የሚያዝ ሰው የተፈቀፈቀውን ይተው፤ ዱቄት ቅርፊት የለውም። ቅርፊቱ ያልተነሳለት፣ አየሩ ወጥቶ የታሸገ ቁራጭ ይዘዝ። ሻጩ የቅርፊቱን ፎቶ፣ ስንት ወር እንደከረመና መቼ እንደተቆረጠ መናገር ካልፈለገ ሌላ ሻጭ ይፈልግ። ሲደርሰው ውስጡ ነጫጭ ፍሬ ቢያይ አይደንግጥ፤ ሻጋታ አይደለም፣ ሲከርም የሚፈጠር ታይሮሲን የሚባል ነገር ነው። ይህ ዓይነቱ ጠንካራ አይብ የፖስታ ቀናትን ይችላል። የካምፓኒያ የጎሽ ወተት ሞዛሬላ ግን በጥቂት ቀን የሚበላ ነው፤ እርሱን ከሩቅ ማዘዝ ለበረዶና ለፈጣን ማጓጓዣ መክፈል ነው።

ሳያዩ መግዛት ታዲያ ሁሌ ገዢውን ብቻ አያስጨንቅም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 ኤሚሊያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ መደርደሪያዎቹ እንደ ዶሚኖ ተደረማመሱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ድፍኖች ወደቁ። የተሰነጠቀ አይብ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ያኔ ከመላው ጣሊያን ሰዎች በኢሜልና በስልክ፣ ከሥራ ባልደረባና ከጎረቤት ጋር እየተሰበሰቡ ማዘዝ ጀመሩ። የሞዴናው ምግብ አብሳይ ማሲሞ ቦቱራ በሮማ በፔኮሪኖ የሚሠራውን ካቾ ኤ ፔፔ በፓርሚጃኖና በሩዝ ቀይሮ አዘገጃጀቱን አሰራጨ፤ በብዙ አገር ሰዎች በአንድ ምሽት አበሰሉት። ቀምሶ ያዘዘ አልነበረም። የከረመው እንዲህ ተሸጠ። 12 ወር ሳይሞላው የወደቀውን ግን፣ ገዢው በሞላበት በዚያ ሰሞን እንኳን፣ ደንቡ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ ብሎ መሸጥ አይፈቅድም ነበር።