ከትሬድሚሉ በፊት ግፊቴን ለኩልኝ በሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ጂም በየሰፈሩ እየተከፈተ ነው፤ የግል አሰልጣኝ የሚይዘውም ሰው በዝቷል። ደስ ይለኛል። በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። አዲስ ሰልጣኝ ሲመጣ ብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚደረገው ስብ የሚያሳየው ሚዛን ላይ አቁሞ «በሦስት ወር ይህን ያህል ኪሎ እናወርዳለን» ብሎ ቃል መግባት ነው። ከዚያ በቀጥታ ትሬድሚል። ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይጨምቀው እንደሆነ፣ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

ለእኔ የምዘናው ዋናው ክፍል ጥያቄው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ የተዘጋጀ ሰባት ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አለ። ሐኪም የልብ ችግር አለብህ ብሎህ ያውቃል? ስትንቀሳቀስ ደረትህን ያምሃል? ያዞርሃል? የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ችግር አለብህ? እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንዱን እንኳ «አዎ» ያለ ሰው ስፖርቱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክራል። ለመሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ቅጹን አስሞልቶ ማለፍ ግን እኛ ጋ አይበቃም፤ ቁጭ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል። ትልቅ ሰው «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባሉ «ኧረ እኔ ደህና ነኝ ልጄ» ይላሉ። «የግፊትስ? የስኳርስ?» ሲባሉ ደግሞ «እሱማ አለ፣ ጠዋት ጠዋት አንዲት ፍሬ» ይላሉ። ያቺ አንዲት ፍሬ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ከሆነች የልብ ምታቸው እንዳይፈጥን ትይዘዋለች። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ የሚለው ቁጥር ላይ እስኪደርሱ እንግፋቸው ካልን ከአቅማቸው በላይ እናስሮጣቸዋለን። ለእሳቸው የሚሻለው መለኪያ እየተራመዱ ሳይቆራረጥባቸው ማውራት መቻላቸው ነው።

ከካናዳው ቅጽ ላይ የሌለ፣ እኛ አገር ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «በልጅነትሽ ጉሮሮሽን እየተመላለሰ ያምሽ ነበር? መገጣጠሚያሽ አብጦ ያውቃል?» በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በደንብ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ራሱ የልብን በሮች ወደ ማጥቃት ይሄዳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል። ጉዳቱ ዓመታት ቆይቶ ሊታይ ይችላል። አንዳንድ ሴቶች ችግሩን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው። ስለዚህ ቀጠን ያለች የ25 ዓመት ወጣት ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ትንፋሽ እያጠራት «ስፖርት ስለማልሠራ ነው» ካለችኝ ዝም ብዬ አላምናትም። መጀመሪያ ልቧን የሚያዳምጥ ሐኪም ትይ።

ቀጥሎ ግፊት። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ትክክል ሆኖ፣ ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አልፎት፣ ሁለት ጊዜ ይለካል። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ እየሆነ የሚደጋገም ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። 180 በ110 ከደረሰ ደግሞ የዚያን ቀን ስፖርት የለም። ጂሙ መለኪያ ከሌለው በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ተለክታችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

«220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚባለውን ቀመር ሁላችሁም ሰምታችኋል። አማካይ ግምት ነው፤ እኩዮች በሆኑ ሁለት ሰዎች መካከል እንኳ የ20 ምት ልዩነት ሊኖር ይችላል። የ50 ዓመት ሰው በዚህ ስሌት ጣሪያው 170 ነው እንበል። ዕረፍት ላይ ልቡ በደቂቃ 80 የሚመታ ከሆነ የአቅሙ ግማሽ 125 ላይ ይውላል፤ 60 የሚመታ ከሆነ 115 ላይ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ ፕሮግራማቸው ግን አንድ አይሆንም። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የእጃችሁን ምት ቆጥራችሁ አምጡ የምንለው ለዚህ ነው።

ለትንፋሽ አቅም የምወደው የደረጃ ፈተና ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን ላይ ለሦስት ደቂቃ፣ በደቂቃ 24 ጊዜ መውጣትና መውረድ፣ ከዚያ ወዲያው ተቀምጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ ምት መቁጠር። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬነዝ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው የ12 ደቂቃ ሩጫ ለጀማሪ ይከብዳል። ሰንጠረዡም ለእኛ ከፍታ አልተሠራም። በዚያው ዓመት ማሞ ወልዴ ማራቶንን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ነች፤ የረጅም ርቀት ሰዓቶች እዚያ መዘግየታቸውን ዓለም አይቷል። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በመጣ በሳምንቱ የተፈተነን ሰው «አቅምህ ወርዷል» ማለት በደል ነው።

ስለ ስብ ሚዛኑ ትንሽ ልበል። የሚሠራው በሰውነት ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ነው፤ የሰውነት ውሃ ሲቀንስ ስቡን አብዝቶ ያሳያል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው፣ ወይም በረመዳን ከመግሪብ በፊት የመጣ ሰው፣ ትላንት ያልነበረ ስብ ያይበታል። ሜትር የበለጠ ታማኝ ነው፤ ወገብ ከቁመት ግማሽ ቢያንስ ጥሩ ነው፣ ቁመቱ 170 የሆነ ሰው ከ85 በታች ማለት ነው። አረጋውያንን ደግሞ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሱ ማየት ብዙ ይነግራል።

አንድ ነገር ግን እባካችሁ። ሴት እህቶቻችንን አዳራሽ መሀል ሰው እያየ ወገባቸውን አንለካ። ቁጥራቸውን ጮክ ብለን አንጥራ። ሳናስፈቅድ «በፊት እና በኋላ» እያልን ቲክቶክ ላይ ፎቷቸውን አንለጥፍ። በዚህ አፍረው ስፖርትን እስከ መጨረሻው የተዉ አሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ምዘናው ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሳጥን፣ በዚያው ሜትር ይደገማል። ኪሎው ንቅንቅ ባይል እንኳ ከደረጃው ፈተና በኋላ ምቱ ከ130 ወደ 115 ከወረደ ልቡ ሥራ ቀሎታል፤ ይህን ለሰልጣኙ ቁጭ አድርጎ ማሳየት ይገባል። ወረቀቱ የሰልጣኙ ነው። አሰልጣኝ ስትቀይሩ ጠይቃችሁ ውሰዱት፤ ሐኪም ጋ ስትሄዱም አሳዩት።