የእናቶቻችን ወረንጦ

ከደብረ ታቦር በገሳይ በኩል ወደ ጋይንት የምትወጡ ሰዎች፣ ገበያ ውስጥ የእናቶችን አንገት እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። ከማተቡ ጋር ወረንጦ የታሰረ ታገኛላችሁ። እሾህ ይወጣበታል፤ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉርም ይነቀልበታል። ልጅ ወይም ጎረቤት ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ይነቅልላቸዋል። ጥቂት ሳምንት እፎይ ይላሉ። የቤት ወረንጦ ብዙ ጊዜ ፀጉሩን ይሰብረዋልና ጉቶው ሲያድግ ብሌናቸውን መልሶ ይወጋቸዋል።

ፀጉሩን የሚቀለብሰው ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ነው። ተህዋሲው በብዛት የሚገኘው ሕፃናት ላይ ነው፤ በእጅ፣ ፊት በተጠረገበት ነጠላ፣ ዓይናር ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይተላለፋል። ልጅ አቅፋ የምታሳድግ እናት ደጋግሞ ይይዛታል። የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ቆስሎ፣ ድኖ፣ ቆስሎ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው እየተኮማተረ ፀጉሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል። የፀጉር መቀልበስ በሴቶች ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 62.6 በመቶው ላይ ንቁ ትራኮማ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ፋይዘር በነፃ የሚሰጠው ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት፣ የልጆቹ ቁመት በዘንግ እየተለካ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። ኪኒኑ ተህዋሲውን ይገድላል፤ የተቀለበሰ ፀጉር ግን አያቀናም። እሱን የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና ነው። የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቆቡን አደንዝዞ ይሠራዋል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ፋሻው በማግስቱ ይነሳል።

ታዲያ እናቶቻችን ለሕክምናው ለምን አይሄዱም? ቢላ የሚፈሩ አሉ። እኔ ግን ደጋግሜ የምሰማው «ቤቱን ማን ይይዝልኛል?» የሚለውን ነው። ውሃ መቅዳቱ፣ ከብቱ፣ ምጣዱ። የተሰፋ ዓይን ይዞ ጭስ ፊት መቀመጥ ያሠቃያል። ቀጠሮው አረም ላይ ከዋለማ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያለን ልጆች ብር እንልካለን። በዘመቻ ሲሠራ ግን ሕክምናው በነፃ ነው፤ እናታችን ያጣችው ጀሪካን የሚሸከምላት ነው። ፈቃድ ወስደን እንሂድ። ወንዶችም ብንሆን እንጋግር። ለክትትል ስትቀጠር አብረናት እንሂድ፤ ፀጉሩ ተመልሶ የሚቀለበስባቸው አሉና መታየት አለባት። ብሌን ላይ የወጣ ጠባሳ ቆቡ ስለተሠራ አይጠፋም፤ አንዴ የሄደ ብርሃንም በዚህ ሕክምና አይመለስም። «አረሙ ይለቅና» ካለቻችሁ እሺ አትበሏት።