አንድ ዕቃ ስንት ስም አለው?

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ እኛ ሁለት የአዳማ ልጆች ደብተራችንን ተሸክመን ወደ ከተማችን ወረድን። የሥነ ልቡና ትምህርት አንድ ዓመት ቀምሰን ስለ ነበር ያገኘነውን ሰው ሁሉ መመርመር አምሮን ነበር። ዕጣው የወጣው በግቢያችን ለሚኖሩ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ለቀራቸው ሁለት ሕፃናት ነው፤ ለአንዲት ሴትና ለአንድ ወንድ።

ፈተናው ቀላል ነበር። ቡናው አቦል ላይ ሳለ አንድ የሕፃን ጫማና ከጋራዥ ደጃፍ ያነሣናትን፣ ስሟን እኛም የማናውቃትን የመኪና ብረት ጎን ለጎን አኖርን። ከዚያም ራሳችን በፈጠርነው ቃል «ቲፋዋን ስጪን» አልናት። ልጅቱ ሳታመነታ ብረቷን አነሣች። ጫማ ስሙ ጫማ ነው፤ እንግዲህ ቲፋ የሚባለው ያ ስም የለሹ መሆን አለበት። ማርክማንና ዋክተል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ሕፃናት ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ብቻ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። ዘዴው ጠቃሚ ነው። ፈላስፋው ኳይን በ1960 እንዳመለከተው፣ ቋንቋውን የማናውቀው ሰው ጥንቸል እያየ «ጋቫጋይ» ቢል፣ ጥንቸሏን ይሁን ሩጫዋን ማለቱ በምን ይታወቃል? ሕፃን ግን ከዚህ ጫካ በየቀኑ መውጣት አለበት።

ተራው የወንዱ ሆነ። እርሱ አንድ ጊዜ ብረቷን፣ አንድ ጊዜ ጫማውን፣ እንደገናም ጫማውን ሰጠን። እኛም ተያየንና «ይህ ልጅ ዘገምተኛ ነው» አልን።

ያልነውን እናቱ ሰማች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቃል ነውና አልናቀችውም። በማግሥቱ የባሏን እናት፣ ግቢው ሁሉ አኮ የሚላቸውን፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ በኦሮምኛ ባያነጋግሩት፤ ቋንቋ ተደባልቆበት ነው» ስትላቸው ሰማን። አኮ መልስ አልሰጡም። ሦስት ቀን ሙሉ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ብቻ ሲያባብሉት አየን።

ያ ዝምታ ወደ መጽሐፍ መለሰን። ባየርስ-ሃይንላይንና ወርከር በ2009 የ17 እና የ18 ወር ሕፃናትን ፈትነው ነበር። አንድ ቋንቋ የሚሰሙት አዲስ ቃል ሲነገራቸው ዐይናቸውን ወደማያውቁት ዕቃ ያዞራሉ፤ ሁለት የሚሰሙት ይህን ያደረጉት በጥቂቱ ነው፤ ሦስት የሚሰሙት ግን ከናካቴው አላደረጉትም። ነገሩ የአእምሮ ድካም አይደለም። ጫማ በእናቱ አፍ «ጫማ»፣ በአያቱ አፍ «ኮጴ» የሆነለት ልጅ፣ እኛ ደግሞ ሦስተኛ ስም ይዘን የመጣን ቢመስለው ምን ጥፋት አለበት?

እኛ ራሳችን የተወለድንባት ከተማ ሁለት ስም የላትምን? በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ2000 በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰች፤ ሰው ግን ዛሬም በሁለቱም ይጠራታል። ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት፣ ባቱም ዝዋይ ይባላሉ። ይህን ሰምቶ መንገዱን የሚስት ተሳፋሪ አላየንም።

ያደነቅናት ልጅስ? ቶናው ሲቀዳ ብረቷን ከሌሎች እንግዳ ዕቃዎች ጋር ቀላቅለን ብንጠይቃት ቲፋን ረስታዋለች። ሆርስትና ሳሙኤልሰንም በ2008 የሁለት ዓመት ሕፃናት ትክክለኛውን ዕቃ ከመረጡ በኋላ አምስት ደቂቃ ሳይቆዩ ስሙን እንደሚዘነጉት አግኝተዋል። መምረጥ ሌላ፣ ማወቅ ሌላ ነው። ቃል የሚጸናው ዕቃውን እያነሣ ስሙን ደጋግሞ ከሚነግር ሰው ነው፤ እኛ ግን በአንድ ቃላችን የዚያን ሰው አፍ ዘግተን ነበር።

በአራተኛው ቀን ለእናቲቱም ለአኮም ስሕተታችንን ተናዘዝን። አኮ ብረቷን አገላብጠው አዩና «ታዲያ የዚህች ስሟ ማነው?» አሉን። አናውቅም አልን። «እናንተስ ዘገምተኞች ናችሁ?» ብለው ሳቁብን። ከዚያም ጫማውን አንሥተው ለልጁ «ኮጴ» አሉት፤ እርሱም አለ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ በየመንደራችን የተማሪ ቃል ከምንገምተው በላይ ይከብዳል። ግማሽ የተማርነውን ነገር ሙሉ ፍርድ አድርገን በሰው ልጅ ላይ አንጣል።