ጭብጨባው

ቀድሞ የያዘኝ ጭብጨባው ነው። 1995 ዓ.ም. ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ጀማምሯል። ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ከነዩኒፎርሜ ተጣብቤያለሁ። ሾፌሩ ካሴት ከተተ። ከበሮው ወደኋላ ብሎ ጭብጨባው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ይመጣል ባልኩት ቦታ ሳይመጣ፣ ባልጠበቅኩት ይመጣል። ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ የመኪናውን ጣሪያ እየመታ ይከተለዋል። ዘፋኙ ሾን ፖል ነበር። ከሚለው አንድም ቃል አልገባኝም፤ ጉልበቴ ግን ቦርሳዬን እየነቀነቀ ነበር።

ዘፈኑ አልቆ ሌላ ዘፋኝ ገባ። ጭብጨባው ያው ነው። ካሴቱ የተበላሸ መሰለኝ። ሦስተኛውም በዚያው ጭብጨባ ላይ መጣ፤ ድምፁ ግን ለስላሳ፣ የሚያባብል። አራት ኪሎ መውረድ ሲገባኝ ፒያሳ ደረስኩ።

እዚያው አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቼ ባዶ ካሴት ገዛሁና «የጭብጨባውን ቅዳልኝ» አልኩት ልጁን።

«የማንን?»

«የሁሉንም።»

«ሪዲም» የሚለውን ቃል የሰማሁት ከእሱ ነው። ጃማይካ ውስጥ አቀናባሪው ሙዚቃውን ብቻ ይሠራል፤ ዘፋኞቹ በየተራ መጥተው የየራሳቸውን ዜማና ግጥም ይጭኑበታል። ይኼኛው በሂንዱዎች የብርሃን በዓል ስም «ዲዋሊ» ይባላል፤ የሠራው ስቲቨን ማርስደን ነው፣ ሌንኪ የሚሉት። «ትዝታን ስንት ሰው ዘፍኖታል? እንደዚያ በለው» አለኝ። ምሳሌውን ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ትዝታን ማንም ቢዘፍነው ትዝታ ነው፣ እዚህ ግን ዜማው ራሱ ከሰው ሰው ይለወጣል።

ለስላሳው ድምፅ የዌይን ወንደር ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ሳይቸኩል፣ ለአንዲት ሴት ብቻ የሚያወራ ይመስል ነበር። ያንን የካሴቱን ቦታ ደጋግሜ ከማዳመጤ የተነሳ ክሩ ላላ፤ በእስክሪብቶ አጠነጥነው ነበር። ባውንቲ ኪለር ደግሞ በዚያው ጭብጨባ ላይ በሻካራ ድምፁ የድሃን ኑሮ አነሳበት። ሰው የሚጨፍርበት ምት ላይ ችግርን መናገር እንደሚቻል ያወቅኩት ያኔ ነው። በዚሁ ጭብጨባ ላይ የዘፈነችው ሉሚዲ የኒውዮርክ ልጅ ናት፣ ከሃርለም። ድምፅዋ ያልተገራ ነው ይሏታል፤ እኔ የሰፈር ልጅ ደጅ ላይ ቆማ የምታንጎራጉር ስለሚመስለኝ ነው የምወዳት። በዚያ በአውሮፓውያኑ 2003 የሾን ፖል «ጌት ቢዚ» በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ የሉሚዲም ሦስተኛ ደረሰ። ሁለቱም በሌንኪ ጭብጨባ ላይ።

ካሴቱን ይዤ በገባሁ በሳምንቱ እናቴ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ቴፑን ከፈትኩት። ትንሽ አዳመጠች፤ ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጠች።

«ይኼ የሠርግ አይደለም እንዴ?»

«የጃማይካ ነው፣ እማዬ።»

«ይሁን እንጂ ጭብጨባው የሠርግ ነው» አለችና እጇን ከምስሩ አቧራ አራግፋ ታጨበጭብ ጀመር። እኔ ሳምንት ሙሉ ስስተው የከረምኩትን ቦታ፣ እሷ አንድም ጊዜ አልሳተችም።