ረጅሙ አንቴና

ጂፑ ጋራዣችን የደረሰው ለአራት ተቆርጦ ነው። ኤም 151 ይባላል። የሚያውቅ ሰው ከፊት ለፊቱ ይለየዋል፤ የፍርግርጉ ክፍተት አግድም ነው፣ እንደ ድሮው ዊሊስ ቁም አይደለም። ኩርባ ላይ ሲፈጥን የመገልበጥ አመል ስላለው የአሜሪካ ጦር በአብዛኛው ሙሉውን ለሲቪል አይሸጥም ነበር፤ ቆራርጦ በብረት ዋጋ ያስወግደው ነበር። እንደ አሠሪዬ ያለ ሰው ደግሞ ቁርጥራጩን ይገዛና መልሶ ያስበይዳል። በያጁ እኔ ነኝ፤ ሜሪላንድ ውስጥ።

ከብየዳው ይልቅ ያስቸገረን ኤሌክትሪኩ ነበር። ጂፑ የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ12 ባትሪ ተቀጣጥለው። የቤት መኪና አምፖል ተሳስተህ ብታስገባ አንዴ ቦግ ብሎ ይሰናበትሃል። (እኔ ሦስት አቃጥያለሁ። ለአሠሪዬ የነገርኩት ስለ አንዱ ነው።)

ከዚያ ሬዲዮው መጣ፤ ፒአርሲ 77፣ በጀርባ የሚታዘለው። የጥንቱ ባትሪ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሳጥኑ ውስጥ በቻርጅ የሚሞላ ዘመናዊ ባትሪ ደረደርንለት። ከ30 እስከ 76 ሜጋኸርዝ ገደማ ይይዛል፤ ለመናገር ግን ከ50 እስከ 54 ያለውን ብቻ ነው የምንነካው፣ እሱንም የአማተር ፈቃድ ያለው አሠሪዬ ነው።

አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ስለነበር አንድ ቅዳሜ ይዣቸው ሄድኩ። በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ይህንኑ ሬዲዮ አዝለዋል። አሜሪካ ወታደራዊ እርዳታዋን ያቋረጠችው በዚያው ዓመት ነው፤ ባትሪ እንደ በረሃ ውሃ ይቆጠብ ነበር ይላሉ። ስለ ጦርነቱ ከእሳቸው የሰማሁት ይኸው ነው።

አሠሪዬ ጂፑን ለሰልፍ አሰናድቶታል። ቀለሙ ያብለጨልጫል፣ አካፋና መጥረቢያው ታስሯል፣ ጀሪካኑ ከኋላ አለ፣ ሬዲዮው ላይ ሦስት ሜትር የሚሆን አንቴና ቆሟል። አባቴ ዞር ዞር ብለው አዩት። "ቆንጆ ነው" አሉ፤ የማያውቁት ሰው ሠርግ ላይ እንደተገኘ እንግዳ። ከዚያ ወደ ሬዲዮው ተጠጉና አንቴናውን እየነቀሉ ማጠፍ ጀመሩ።

"አባዬ፣ ይተዉት፣ ለማሳያ ነው።"

"አጭሩ የታለ?"

"ረጅሙ ያምራል ብሎ ነው።"

"ረጅሙን ካቆምክማ ከሩቅ ያዩሃል። መጀመሪያ የሚመቱት አንተን ነው።" አንዱን መገጣጠሚያ አጠፉ፤ ቀጥለው ሌላውን። "ከእኔ በፊት ያዘለው ልጅ፣ በአጭሩ አልሰማ ሲለው ረጅሙን አቆመ።"

ስሙን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ፣ ከነአባቱ። የማን አገር ልጅ እንደነበርም ነገሩኝ። እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም።

አሠሪዬ ቡና ይዞ ሲመለስ ታጥፎ አገኘው። ተረጎምኩለት። ቡናውን አስቀምጦ መሳቢያዎቹን ሲበረብር ቆየና አጭሩን አመጣ፤ ሜትር የማይሞላውን፣ እንደ መለኪያ ሜትር የሚለመጠውን። የገጠሙት አባቴ ናቸው።

ባለፈው ሰልፍ አንድ ሰብሳቢ ጠጋ ብሎ ረጅሙ አንቴና እንደጎደለ ነገረን። አሠሪዬ "አውቃለሁ" አለው።